ከኤሲ የሚንጠባጠብ ውሃ፦ መነሻው፣ አደጋውና መፍትሔው



ብቸናም ሆነች ሞጣ ኤሲ የሚያስገዛ ሙቀት የላቸውም። ሁለቱም የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያሉ ደጋማ ከተሞች ናቸው። ከደጀን ተነስቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ያደረ ሰው ማታ የሚፈልገው ጋቢ እንጂ ማቀዝቀዣ እንዳልሆነ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ የኤሲ ጉዳይ ወደ እነዚህ ከተሞችም በስልክ ገብቷል። ከአካባቢው ወጥተው በጅዳ፣ በሪያድ፣ በዱባይና በኩዌት የሚሠሩ እህቶችና ወንድሞች አሉን። በአገር ውስጥም ለንግድ ወይም ለሥራ ወደ ድሬዳዋ፣ ሰመራ፣ ጋምቤላና መተማ የወረዱ አሉ። በእነዚህ ቦታዎች ኤሲ ቅንጦት ሳይሆን እንደ ምድጃ ሁሉ የቤት ዕቃ ነው። በደጋ ያደገች እህት ኤሲን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው በአሠሪዋ ቤት ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ማሽን ምንጣፍ ላይ ውሃ ሲያንጠባጥብ ብታይ "ሰበርኩት ይሆን?" ብላ ትደነግጣለች። አሠሪዋም "አንቺ ነሽ ያበላሸሽው" ልትላት ትችላለች። ብዙውን ጊዜ ግን ያበላሸ ሰው የለም፤ የተዘጋ የውሃ መንገድ ነው ያለው።

በዚህ ጽሑፍ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ሲንጠባጠብ መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ፣ ራሳችን የምናስተካክለው የቱ እንደሆነና ባለሙያ መጠራት ያለበት መቼ እንደሆነ በቅደም ተከተል እናያለን። በመጨረሻም ኤሲ የሌላቸው የብቸናና የሞጣ አንባቢያን በቤታቸው የሚያጋጥማቸውን ተመሳሳይ ነገር እንጨምራለን።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው በኤሲ ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያ ያለ ይመስለዋል። የለም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ኤሲ ውሃ አይሞላበትም፣ ከቧንቧ መስመር ጋርም አይገናኝም። ውሃውን የሚያገኘው ከክፍሉ አየር ነው።

ይህን ነገር እናቶቻችን በጓዳቸው ያውቁታል። እንጀራ ሲጋገር የምጣዱ ክዳን ሲነሣ ከውስጥ በኩል ላብ አቁሮ ይገኛል። ማንም ውሃ አላፈሰሰበትም፤ ከሊጡ የወጣው እንፋሎት ከእሱ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ሲነካ ወደ ውሃነት ተመልሶ ነው። ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚያልበውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በኤሲ ውስጥ ቀዝቃዛ ቱቦዎችና በቱቦዎቹ ላይ የተደረደሩ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች አሉ። ማራገቢያው የክፍሉን አየር ስቦ በቅጠሎቹ መካከል ያሳልፈዋል። አየር ሲቀዘቅዝ የመሸከም አቅሙ ስለሚያንስ የያዘውን እንፋሎት ሁሉ ይዞ መሄድ አይችልም። ትርፉ በቅጠሎቹ ላይ ጠብታ ሆኖ ይቀራል።

በቁጥር እንየው። እርጥበት የጠገበ አየር በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአንድ ሜትር ኩብ 30 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። በ10 ዲግሪ ግን የሚይዘው 9 ግራም ያህል ብቻ ነው። ወርዱና ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል 48 ሜትር ኩብ አየር አለው። ይህ ሁሉ አየር ከ30 ወደ 10 ዲግሪ ቢወርድ 1 ሊትር ያህል ውሃ ይወጣዋል ማለት ነው። እርግጥ ክፍሉ 10 ዲግሪ ድረስ አይቀዘቅዝም፣ አየሩም ሁልጊዜ እርጥበት የጠገበ አይደለም። ነገር ግን ያው አየር በቀዝቃዛዎቹ ቅጠሎች ላይ ደጋግሞ ያልፋል፤ በበርና በመስኮት፣ ከሰውም ትንፋሽ አዲስ እርጥበት ይጨመራል። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ ባለ ከተማ የአንድ መኝታ ቤት ኤሲ በሰዓት 1 ሊትርና ከዚያም በላይ ውሃ ቢያወጣ የሚያስገርም አይደለም።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር አለ። ኤሲ ውሃ ማውጣቱ ጤንነቱ ነው፤ ብልሽት የሚባለው ውሃው ወደ ውጪ መሄዱን ትቶ ወደ ቤት ሲገባ ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ውሃውን የምናስቆምበትን ዘዴ ሳይሆን መንገዱ የት ላይ እንደተዘጋ ነው።

የምንኖርበት ከተማም ፍንጭ ይሰጠናል። ጅዳ፣ ዱባይና ጅቡቲ በባሕር አጠገብ ስላሉ አየራቸው እርጥብ ነው፤ በውጪው ቱቦ ብዙ ውሃ መውረዱ የተለመደ ነው። ሪያድ ግን ከባሕር የራቀች በረሃማ ከተማ ናት። እዚያ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ብቻ ሲያንጠባጥብ የኖረ ኤሲ በድንገት ብዙ ውሃ ወደ ቤት ቢያፈስስ፣ በውስጡ በረዶ ተጋግሮ እየቀለጠ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ያስፈልጋል።

የውሃው መንገድ

ከቅጠሎቹ የሚወርደው ጠብታ ከሥራቸው ባለ ረጅምና ጠባብ መቀበያ ገንዳ ውስጥ ይጠራቀማል። ከገንዳው ጫፍ ቀጭን ማፍሰሻ ቱቦ ተነስቶ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል ወደ ውጪ ይወጣል። በአብዛኞቹ ኤሲዎች ውሃውን የሚገፋ ሞተር የለም፤ ውሃው በራሱ ክብደት ቁልቁል ይፈሳል። ስለዚህ መንገዱ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ገንዳው ያልተሰነጠቀ፣ ቱቦው ያልተዘጋ፣ ተዳፋቱም ያልተቋረጠ መሆን አለበት። በተለምዶ ቱቦው በየ1 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ መሄድ ይኖርበታል።

በመስኮት ውስጥ የሚገባው ባለ አንድ ሣጥን ኤሲም ሥራው አንድ ነው። እሱ ወደ ውጪ በኩል በጥቂቱ ዘንበል ብሎ መቀመጥ አለበት። ወደ ቤት ካዘነበለ ውሃው ወደ ቤት ይመጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በደረቅ በረሃማ ከተሞች በዐረብኛ "ሰሕራዊ" የሚባል ሌላ ዓይነት ማቀዝቀዣ አለ። ይህኛው በእርግጥ ከቧንቧ ውሃ ይሞላበታል፤ አየሩን የሚያቀዘቅዘውም በረጠበ ሣር መሰል ነገር ውስጥ እያሳለፈ ነው። እሱ ውሃ ካፈሰሰ መጀመሪያ የሚታየው እንደ ሽንት ቤት ሲፎን ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ነው። ኳሱ ከተጣበቀ ውሃው ሞልቶ ይፈሳል። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ግን የተለመደውን ኤሲ የሚመለከት ነው።

መጀመሪያ ምን ይደረግ?

ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ሲሆኑ ምክንያት ከመፈለግ በፊት አደጋን መከላከል ይቀድማል።

1. ኤሲውን በሪሞት አጥፉት። ከዚያም በደረቅ እጅ የኤሲውን ብሬከር አውርዱ። በሪሞት ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ በሪሞት የጠፋ ማሽን ውስጥ ኤሌክትሪክ አሁንም አለ።

2. ከሥሩ ሶኬት፣ ዲቫይደር፣ ቴሌቪዥን ወይም ስልክ ቻርጀር ካለ አንሡ። ውሃው ሶኬት ውስጥ ገብቶ ከሆነ ሶኬቱን አትንኩ፤ የቤቱን ዋና ብሬከር አውርዱ። ወደ ብሬከሩ ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም ግድ የሚል ከሆነ ደግሞ ከክፍሉ ውጡና ሰው ጥሩ።

3. ባልዲ ወይም ሳፋ ከሥሩ አድርጉ፤ ምንጣፉን ጠቅልሉ። ወለሉን የምትወለውሉት ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላ ነው።

4. የማቃጠል ሽታ፣ ብልጭታ ወይም የመንጣጣት ድምፅ ካለ በራሳችሁ ምንም አትሞክሩ። ብሬከሩን አውርዳችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ምክንያቶቹ አንድ በአንድ

ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንሂድ።

የቆሸሸ ፊልተር። የፊት ክዳኑ ሲከፈት የሚታየው መረብ ፊልተሩ ነው። አቧራ ሲደፍነው በቅጠሎቹ ላይ የሚያልፈው አየር ያንሳል፤ ቅጠሎቹ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዱና ውሃው በረዶ ይሆናል። ኤሲው ሲጠፋ ያ በረዶ በአንድ ጊዜ ይቀልጥና ከገንዳው ሞልቶ ይፈሳል። ምልክቱ ንፋሱ መድከሙ፣ ማቀዝቀዙ መቀነሱና ካጠፋችሁት በኋላ ብዙ ውሃ መውረዱ ነው።

መፍትሔው፦ ብሬከሩ እንደወረደ ፊልተሩን አውጡ፤ በለብታ ውሃና በጥቂት ሳሙና እጠቡት፤ በጥላ ሥር ሙሉ በሙሉ አድርቃችሁ መልሱ። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል። በቅጠሎቹ ላይ በረዶ ካያችሁ በቢላ ወይም በብረት አትፈልፍሉት፤ ሥሩ ያለው ቱቦ ይበሳል። ለጥቂት ሰዓታት አጥፍታችሁ በራሱ እንዲቀልጥ ተዉት።

የተዘጋ ማፍሰሻ ቱቦ። አቧራና እርጥበት ሲገናኙ አተላ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ይፈጥራሉ። ይህ ቱቦውን ይደፍነዋል። ነፍሳትም ከውጪ በኩል ገብተው ይዘጉታል። ምልክቱ፦ ኤሲው በደንብ እያቀዘቀዘ ውሃው በቤት ውስጥ ይንጠባጠባል፣ በውጪ ያለው የቱቦ ጫፍ ግን ደረቅ ነው።

መፍትሔው፦ የቱቦው ጫፍ ከመሬት ቆማችሁ የምትደርሱበት ከሆነ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላችሁ ውሃ በሚችል የቫኪዩም መምጠጫ ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ ምጠጡት። ቫኪዩም ከሌለ ባለሙያ ጥሩ እንጂ ከውጪ ወደ ውስጥ በኃይል አትንፉ፤ ቆሻሻው ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ይገባል፣ ቱቦውም ከመጋጠሚያው ሊወልቅ ይችላል። በአፍ መምጠጥ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። ሽቦ መክተትም ቱቦውን ይበሳዋል። ከተከፈተ በኋላ አንድ ሲኒ አቼቶ በአንድ ሲኒ ለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ ገንዳው ውስጥ ቀስ ብላችሁ ብታፈሱ ዝልግልጉን ያጥባል። በረኪናና አቼቶ አንድ ላይ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። በረኪና ብቻውንም የአሉሚኒየሙን ቅጠል ስለሚበላ አለመጠቀም ይሻላል።

የቱቦው የውጪ ጫፍ። ብዙ ቤት ውሃው መንገድ ላይ እንዳይፈስ ተብሎ ጫፉ ጄሪካን ውስጥ ይከተታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጄሪካኑ ሲሞላ የቱቦው ጫፍ በውሃ ይሸፈንና ፍሰቱ ይታገዳል። ጫፉ ሁልጊዜ ከውሃው ወለል በላይ መሆን አለበት። ቱቦው በዕቃ ተረግጦ ወይም ተጣምሞ፣ ወይም መሐሉ ላይ ወደ ላይ ጎብጦ እንደሆነም እዩ።

ያልተስተካከለ አሰቃቀል። አዲስ የተገጠመ ኤሲ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ካንጠባጠበ ጥፋቱ የአገጣጠም መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። ግንበኞች የሚይዙትን ውሃ ልክ በማሽኑ አናት ላይ በማድረግ ማየት ይቻላል። ማሽኑ የተስተካከለ ወይም ቱቦው ወደሚወጣበት ጎን በጥቂቱ ዝቅ ያለ መሆን ይኖርበታል። ወደ ተቃራኒው ካዘነበለ ውሃው ወደ ማፍሰሻው ሳይደርስ በሌላው ጎን ይፈሳል። ይህን የሚያስተካክለው የገጠመው ሰው ነው።

ልባስ ያጣ ቱቦ። ከኤሲው ወደ ውጪ የሚሄዱት ቀዝቃዛ የመዳብ ቱቦዎች በስፖንጅ መሰል ልባስ ይሸፈናሉ። ልባሱ ከተቀደደ ቱቦው እንደ ለስላሳ ጠርሙሱ ከላዩ ያልበዋል። ምልክቱ ውሃው ከማሽኑ ሳይሆን ከግድግዳው ቀዳዳ አጠገብ መውረዱ ነው። ልባሱን መተካት ቀላልና ርካሽ ሥራ ነው።

ክፍት በርና መስኮት። ኤሲው እየሠራ መስኮት ከተከፈተ እርጥቡ የውጪ አየር ያለማቋረጥ ይገባል። የውሃው መጠን ይጨምራል፣ የፊት ክዳኑም ራሱ ማላብ ይጀምራል። ሪሞቱን 16 ዲግሪ ላይ ማድረግ ክፍሉን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፤ ማሽኑ ያለ ዕረፍት ረጅም ሰዓት እንዲሠራ ብቻ ያደርገዋል። 24 ወይም 25 ዲግሪ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ ውሃውንም የኤሌክትሪክ ሂሳቡንም ይቀንሳል።

ያነሰ ጋዝ። ፊልተሩ ንጹሕ ሆኖ ቅጠሎቹ በረዶ የሚጋግሩ ከሆነና ክፍሉም የማይቀዘቅዝ ከሆነ የማቀዝቀዣው ጋዝ አንሶ ሊሆን ይችላል። ይህን ራሳችን የምንሠራው አይደለም።

የተሰነጠቀ ገንዳ። ቱቦው ክፍት፣ ፊልተሩ ንጹሕ፣ አሰቃቀሉም ልክ ሆኖ ካንጠባጠበ ገንዳው ተሰንጥቆ ወይም ዝጎ ይሆናል። እሱም በባለሙያ የሚለወጥ ነው።

ሁሉንም ካስተካከላችሁ በኋላ ቀላል መፈተሻ አለ። ብሬከሩ እንደወረደ አንድ ሲኒ ውሃ የገንዳው ማፍሰሻ ባለበት በኩል ቀስ አድርጋችሁ አፍሱ። የኤሌክትሪክ ሣጥኑ ባለበት ጎን እንዳትደፉ ተጠንቀቁ። ከአፍታ በኋላ ውሃው በውጪው ጫፍ ከወጣ መንገዱ ተከፍቷል። ካልወጣ አሁንም ተዘግቷል።

በሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶች

በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ከላይ ከተጻፈው ውስጥ የእናንተ ድርሻ ትንሽ እንደሆነ እወቁ፦ ማጥፋት፣ ባልዲ ማድረግና መናገር። ፊልተር ማጠብ ከታዘዛችሁና መሬት ላይ ወይም በጠንካራ መሰላል ላይ ቆማችሁ የምትደርሱበት ከሆነ ጨምሩበት።

ከሕንፃ መስኮት ወጥቶ ወይም በረንዳ ላይ ተንጠልጥሎ የውጪውን ማሽን ወይም ቱቦ መንካት የእናንተ ሥራ አይደለም። ማንም ቢያዝዛችሁ እንቢ በሉ። የተዘጋ ቱቦ ነገ ይከፈታል፤ ከፎቅ የወደቀ ሰው ግን አይመለስም። በመስኮት ብቅ ብሎ "እስቲ ልየው" ማለትም ያው ነው።

ሳይዘገዩ መናገር ከወቀሳ ያድናል። በሳዑዲ ዐረብኛ "አልሞያ ቲንዚል ሚነል ሙከይፍ" ማለት "ከኤሲው ውሃ እየወረደ ነው" ማለት ነው። ስልክ ካላችሁ ውሃው ሲንጠባጠብ አጭር ቪዲዮ አንሥታችሁ ለአሠሪያችሁ ላኩ፤ ቀኑና ሰዓቱ ይመዘገባል። በኋላ ምንጣፉ ወይም ግድግዳው ተበላሸ ተብሎ ከደመወዝ ይቆረጥ ቢባል በጊዜው መናገራችሁን ያሳያል።

በአገር ቤት ያላችሁ ወላጆችም ልጃችሁ ስለዚህ ስትደውል "ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ" አትበሏት። "አጥፊው፣ አትውጪ፣ ንገሪያቸው" በሏት።

ባለሙያ ሲጠራ

ስለ ጋዝ አንድ ነገር ማወቅ ገንዘብ ያድናል። የኤሲ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ እየነደደ አያልቅም፤ በተዘጋ መስመር ውስጥ የሚዞር ነው። አንሶ ከተገኘ የፈሰሰበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ስለዚህ "ጋዝ ልሙላልህ" ለሚል ባለሙያ የሚቀርበው ጥያቄ "የሚፈስበትን ቦታ አግኝተኸዋል?" የሚል ነው። ቀዳዳው ሳይዘጋ ጋዝ ቢሞላ ተመልሶ ይወጣል፤ ገንዘቡም አብሮ ይሄዳል። በአዳዲስ ኤሲዎች ውስጥ የሚገኘው አር 32 የተባለው ጋዝ ደግሞ በእሳት ሊያያዝ የሚችል ስለሆነ ያለ ሙያ የሚነካ አይደለም።

ለማንጠባጠብ የተጠራ ባለሙያ ፊልተሩንና ማፍሰሻውን ሳያይ በቀጥታ ወደ ጋዝ ከሄደ ሥራውን ከመጨረሻው ጀምሯል ማለት ነው። ሲጨርስም ኤሲው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እየሠራ ውሃው በውጪው ጫፍ ሲወርድ እያያችሁ ሒሳቡን ክፈሉ።

ጎረቤትና አላፊ አግዳሚ

ውሃው ከቤታችን በደህና ወጣ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። ቱቦው የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በረንዳ ላይ፣ የተሰጣ ልብስ ላይ ወይም መንገደኛ ላይ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ችግራችንን ወደ ሌላ ሰው አሻገርን እንጂ አልፈታነውም። ጎረቤትን አለመጉዳት ሃይማኖታችን አጥብቆ ያዘዘው ሐቅ ነው። በሰዓት 1 ሊትር የሚወርድበት ግድግዳ ቀለሙ ይላቀቃል፣ ይሻግታል፤ የሻገተ ግድግዳም አስም ላለበት ልጅ ሕመም ነው። ጥቂት ሜትር ቱቦ ገዝቶ ውሃውን እስከ ፍሳሽ መውረጃው ማድረስ ከጎረቤት ጋር ከመቀያየም የቀለለ ነው።

በመስጂዶችም ይህ ያጋጥማል። በቆላ ከተሞች ባሉ መስጂዶች በጁምዓ ቀን ብዙ ሰው በአንድ አዳራሽ ስለሚተነፍስ ኤሲዎቹ ከሌላው ቀን የበለጠ ውሃ ያወጣሉ። ሐሙስ ማታ የቱቦውን ጫፍና ጄሪካኑን ማየት የረጠበ ምንጣፍ ላይ ሱጁድ ከመውረድ ያድናል።

ውሃውን ለምን እንጠቀምበት? ውዱእስ?

ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። ውሃው ከአየር የተገኘ እንፋሎት ወደ ውሃነት የተመለሰ ነው፤ በመሠረቱ ነጃሳ የገባበት ነገር የለም። በዘመናችን ያሉ ዑለማዎችም ንጹሕና አንጺ (ጠሁር) መሆኑን፣ ውዱእም ትጥበትም እንደሚቻልበት ገልጸዋል። በመንገድ ስናልፍ ከፎቅ ኤሲ ጠብታ ልብሳችን ላይ ቢያርፍ መነሻው ንጽሕና ስለሆነ ያለ ማስረጃ ነጃሳ ነው ብለን አንጨነቅም። የተጠራቀመበት ባልዲ ውስጥ ነጃሳ ገብቶ ጣዕሙን፣ ሽታውን ወይም ቀለሙን ከለወጠው ግን አይሆንም። ወላሁ አዕለም።

ለውዱእ መሆኑ ለመጠጥ ይሆናል ማለት አይደለም። ውሃው በአቧራማ ቅጠሎችና በዝልግልግ ቱቦ ውስጥ ስላለፈ ተሕዋስያንን ሊይዝ ይችላል። አይጠጣ፣ ምግብም አይሠራበት። ለወለል መወልወያ፣ ለሽንት ቤትና ለአበባ ግን መልካም ነው። በዱባይ የሚገኘው ቡርጅ ኸሊፋ ከማቀዝቀዣዎቹ የሚወጣውን ውሃ አጠራቅሞ ለአትክልት ማጠጫ ይጠቀምበታል፤ መጠኑም በዓመት ወደ 15 ሚሊዮን ጋሎን እንደሚደርስ ይገለጻል። ውሃ በወረፋ በሚገኝበት ከተማ የሚኖር ሰው በአንድ ሌሊት የሞላ ባልዲ ቢደፋ ብክነት ነው።

ኤሲ በሌለበት በብቸናና በሞጣ

ያው የውሃ ሥርዓት በደጋ ቤትም ይሠራል። ሁለት ቦታዎችን እንጥቀስ።

የመጀመሪያው ፍሪጅ ነው። በሱቅም በቤትም ፍሪጅ ከሥሩ ውሃ ሲያፈስ "ተቃጠለ" ተብሎ ወደ ጠጋኝ ይወሰዳል። ፍሪጅም እንደ ኤሲ ከአየር ውሃ ይሰበስባል። በውስጥ በኩል በጀርባው ግድግዳ ታች፣ ከአትክልት መሳቢያው ከፍ ብሎ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ውሃው በእሷ በኩል ወደ ኋላ ወርዶ ሞተሩ አጠገብ ባለ ሳህን ላይ ይተናል። ቀዳዳዋ በምግብ ፍርፋሪ ከተዘጋች ውሃው በመሳቢያው ሥር ይተኛና በበሩ በኩል ይወጣል። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ቀዳዳዋን በለስላሳ የፕላስቲክ ዘንግ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ጥቂት ለብ ያለ ውሃ አፍስሱባት። ብዙ ጊዜ በዚህ ያልቃል።

ሁለተኛው የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ብርዳማ ሌሊት፣ ዝናብ ሳይኖር ጎህ ሲቀድ ከጣሪያው ጠብታ ይወርዳል። ባለቤቱ ቆርቆሮው ተበሳ ብሎ ሚስማሩን ሁሉ በሬንጅ ይለጥፋል፤ ጠብታው ግን አይቆምም። ምክንያቱም የተበሳ ነገር የለም። የማድቤቱ እንፋሎትና የተኙት ሰዎች ትንፋሽ በቀዘቀዘው ቆርቆሮ ሥር ውሃ ሆነ እንጂ። መለያው ቀላል ነው፦ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ቀዳዳ አለ፤ በጠራ ሌሊት የሚንጠባጠብ ከሆነ ላብ ነው። ለላቡ መድኃኒቱ ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ማድረግ፣ በጣሪያው ሥር አየር መውጫ መተውና የማድቤት እንፋሎት በመስኮት እንዲወጣ ማድረግ ነው።

የዘወትር ጥንቃቄ

በኤሲ ለሚኖር ቤት የሚከተለው ይበቃል። በአቧራማ ቦታ ፊልተሩን በየ2 ሳምንቱ፣ በሌላው ቦታ በየወሩ እጠቡ። የቱቦውን የውጪ ጫፍ በየሳምንቱ ከመሬት ሆናችሁ ተመልከቱ፤ ኤሲው እየሠራ ጫፉ ደረቅ ከሆነ፣ በተለይ በእርጥብ ከተማ፣ በቤት ውስጥ ከመንጠባጠቡ በፊት መዘጋቱን ያስታውቃችኋል። ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ ቅጠሎቹንና ገንዳውን አሳጥቡ። ቤት የምትከራዩ ከሆነ ደግሞ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ኤሲውን አስከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት አሠሩት፤ የኤሲው ጥገና የማን እንደሆነም በውሉ ላይ አስጽፉ። ያኔ ሲንጠባጠብ ጭቅጭቅ አይኖርም፤ ውሃውን ወደ መንገዱ መመለስ ብቻ ይቀራል።